ከዴንቨር እስከ ዩሬይ፦ በአሮጌ ወታደራዊ ከባድ መኪና የቁልቁለት ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ዴንቨር – ሲልቨርቶርን

በኮሎራዶ ተራሮች የሚጓዘው ኮንቮይ ውስጥ ሁለት ዓይነት መኪና አለ። አንደኛው ኤም 35 ኤ2 ነው፤ ባለ ስድስት ጎማ ድራይቭ፣ 7.8 ሊትር መልቲፊውል (ከናፍጣ ሌላም ነዳጅ የሚያቃጥል) ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ የእጅ ካምቢዮ። ሁለተኛው ኤም 923 ሲሆን 14 ሊትር ከሚንስ ሞተርና ባለ 5 ማርሽ አሊሰን አውቶማቲክ ተገጥሞለታል። ሁለቱም ከጦሩ የወጡ ናቸው። ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ቁልቁለት ላይ ግን አያያዛቸው ለየቅል ነው።

ኤም 35 ባዶውን ወደ 6 ቶን ይመዝናል። በአስፋልት የተፈቀደለት ጭነት 4.5 ቶን ስለሆነ ሲጫን 10 ቶን ያልፋል። ፍሬኑ በአየር የሚታገዝ የዘይት ፍሬን ነው፦ ፔዳሉ ሲረገጥ የታመቀ አየር የዘይቱን ግፊት ያበዛል፣ ዘይቱ ደግሞ ሸራውን (የፍሬኑን ልባስ) ከታምቡሮ፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚዞረው የብረት ከበሮ፣ ጋር ያጣብቃል። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው። አየሩ ቢጠፋ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል እንጂ በጉልበት ከተረገጠ ትንሽ ይይዛል። አንዲት የዘይት ቱቦ ብትበጠስ ግን ስድስቱም ጎማ ፍሬን አልባ ነው። ኤም 923 ሙሉ በሙሉ የአየር ፍሬን ነው፤ አየሩ ሲያልቅ ስፕሪንጉ ራሱ ይይዛል።

ከመነሳት በፊት የሚደረገው ፍተሻ አጭር ነው። የአየር ታንኮቹን ውሃ ከስር ማፍሰስ። ሞተሩን አስነስቶ የአየሩ ግፊት እስከ መጨረሻው እስኪሞላ መጠበቅ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ጌጁን ማየት። ተሳቢ የሌለው መኪና በደቂቃ ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ከጣለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሳይጠገን ተራራ አይወጣም። ቀጥሎ ሞተሩን ሳያስነሱ ፔዳሉን ደጋግሞ እየረገጡ አየሩን ማውረድ ነው። ግፊቱ ወደ 60 ፒኤስአይ ሲጠጋ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። በአሮጌ መኪና ይህ ጩኸት ብዙ ጊዜ ሽቦው ተነቅሎ ይገኛል፤ ስለሚረብሽ የነቀለው ሰው አይጠፋም።

ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲኬድ የመጀመሪያው ቁልቁለት ፍሎይድ ሂል ነው። አጭር ናት፤ ለመፈተሽ ግን አንደኛ። አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ፍሬን በመያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትት እንደሆነ እዚህ ይታያል። ወደ ቀኝ ከጎተተ የግራው የፊት ፍሬን ደክሟል ወይም ሸራው ዘይት ነክቶታል። ይህን እዚህ ማወቅ ይሻላል፤ ከላይ ሲደርሱ ለማወቅ ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ ረጅሙ ዳገት ይመጣል፤ የተጫነ ኤም 35 በቀኝ መስመር፣ አደጋ መብራቱን እያበራ፣ እያቃሰተ ይወጣዋል። ጫፉ ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ አለ። የምዕራብ በሩ 3,401 ሜትር ላይ ነው፤ የምሥራቁ 3,357። ስለዚህ ዋሻው ውስጥም ገና እየወጡ ነው። ከምዕራቡ በር እንደወጡ ወዲያው እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ቁልቁለት ይጀምርና 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሲልቨርቶርን ላይ ያልቃል።

7 በመቶ ማለት በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር መውረድ ነው። ለዓይን ያን ያህል አያስፈራም። ስሌቱ ግን ሌላ ነው፦ 10 ቶን መኪና 7 በመቶ ላይ ወደ ታች የሚገፋው ኃይል ወደ 700 ኪሎ ይጠጋል። ከዚህ ላይ የጎማው ግጭት 100 ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ የቀረውን 600 ኪሎ አንድ ነገር መያዝ አለበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይህን ለመያዝ 80 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል። በ25 ኪሎ ሜትር ግን ግማሹ፣ 40 ኪሎዋት ይበቃል። የመልቲፊውሉ ሞተር ነዳጅ ሳይሰጠው በደቂቃ ከ2,400 እስከ 2,600 ዙር ላይ ሲጎተት የሚያስቀረው በግምት ከ30 እስከ 35 ኪሎዋት ነው። እንግዲህ ሂሳቡ ግልጽ ነው፦ በ25 ሞተሩ ለብቻው ሊይዝ ምንም አይቀረው፤ በ50 ከግማሽ በላዩ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ቁልቁለቱ አልተለወጠም፣ ጭነቱም አልተለወጠም። የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ሞተሩ ሳይረዳ ሁሉም በፍሬን ቢወረድስ? ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን 700 ሜትር ያህል ከፍታ ይጣላል። ይህ ለ10 ቶን 70 ሜጋጁል ሙቀት ማለት ነው። ስድስቱ ታምቡሮ እያንዳንዱ 40 ኪሎ ብረት ነው ብንል፣ ነፋስ ሳያቀዘቅዘው ይህን ሙቀት ቢጠጣ የሙቀት መጠኑ ከ600 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። በተግባር ነፋስ ይቀንሰዋል፤ ግን ሸራው ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው የሚያቅተው።

ዋሻው ውስጥ ቆሞ ማርሽ መለወጥ ስለማይቻል ኤም 35 ከምዕራቡ በር ሳይወጣ በሃይ (የሁለተኛው የማርሽ ሣጥን፣ የትራንስፈር ኬዙ፣ ፈጣን ደረጃ) 3ኛ ማርሽ ውስጥ መግባት አለበት። የሃይ 3ኛ ጣሪያው በግምት 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ማርሽ ከፍተኛውን ፍጥነት በማይል ይነግራል፣ ሰሌዳውን እመኑ። በዚህ ማርሽ በ35 ሲሄድ ሞተሩ 2,250 አካባቢ ይዞራል። ፍጥነቱ 35 ሲደርስ ፍሬኑን በደንብ ረግጦ ወደ 27 ማውረድ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። መኪናው እንደገና 35 እስኪደርስ ፍሬን አይነካም። በተነካ ቁጥር 3 ሰከንድ ያህል ይበቃል።

እግርን ፔዳሉ ላይ ቀለል አድርጎ አስቀምጦ መውረድ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ለስላሳ ይመስላል። ችግሩ ስድስቱ ፍሬኖች እኩል ተስተካክለው አለመገኘታቸው ነው። በቀላል ግፊት ቀድሞ የሚነካው ሸራ ብቻ ይሠራል፣ ሌላው ገና ታምቡሮውን አልደረሰም። ስለዚህ ሁለቱ ጎማ ይጋያል፣ አራቱ ይቀዘቅዛል። ጠበቅ ብሎ ሲረገጥ ግን ሁሉም ይነካሉ፣ በመካከል ደግሞ ታምቡሮው የሚተነፍስበት ጊዜ ያገኛል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተሠሩ ሁለት የማምለጫ መንገዶች አሉ። ደቃቅ ጠጠር በጥልቀት የተሞላበት፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ነው። የሚገባው ቀጥ ብሎ፣ መሪው በሁለት እጅ ተይዞ፣ ፍሬን ሳይነካ ነው፤ ጠጠሩ ራሱ ይውጠዋል። ሰው እዚያ ለመግባት የሚያመነታው መኪናውን ለማውጣት የሚከፈለውን እያሰበ ነው። የታችኛው መግቢያ ሲታለፍ ግን የሚቀጥለው ሲልቨርቶርን ከተማ ነው።

ማክሰኞ፦ ሲልቨርቶርን – ሳሊዳ

ቀላል ቀን። ፍሪስኮን አልፎ በ91 ቁጥር መንገድ ፍሪሞንት ማለፊያ፣ 3,450 ሜትር፤ ከዚያ ሌድቪል፣ ከዚያ የአርካንሳስን ወንዝ ተከትሎ ረጋ ያለ መውረድ። ለፍሬን ፈተና የሚሆን ቁልቁለት የለውም ማለት ይቻላል።

ስለ ከፍታ ግን አንድ ነገር። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ ታንኩን ለመሙላት ከወትሮው ይዘገያል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እየነካ የሚወርድ ሾፌር አየሩን ከሚሞላው በላይ ይበላዋል። ደግሞም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ኮምፕሬሰሩም ቀስ ይላል። ስለዚህ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር እያስኬዱ መውረድ ለአየሩም ይጠቅማል። በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) የሚወርድ ሰው ሞተሩንም ኮምፕሬሰሩንም በአንድ ጊዜ ያጣል።

አንዳንድ ሾፌር ቁልቁለት ላይ የሞተር ማጥፊያውን እጀታ ስቦ «ሞተሩ የበለጠ ይይዛል» ይላል። ትርፍ የለውም። እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሳና መኪናው ሞተሩን ሲጎትት ገቨርነሩ (የሞተሩን ዙር የሚገድበው መሣሪያ) ነዳጁን አስቀድሞ ዘግቶታል። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የአየር መዝጊያ ስለሌለው የሚይዘው በውስጥ ግጭቱ ነው፤ ግጭቱ ደግሞ የሚጨምረው በዙር ብዛት ነው።

ረቡዕ፦ ሳሊዳ – ፓጎሳ ስፕሪንግስ

ፖንቻ ማለፊያን፣ 2,746 ሜትር፣ ካለፉ በኋላ የሳን ሉዊስ ሸለቆ ሜዳ ይዘረጋል። ሳጉዋቺ፣ ሞንቴ ቪስታ፣ ዴል ኖርቴ፤ ለሰዓታት ቀጥ ያለ መንገድ። ከሳውዝ ፎርክ በኋላ መንገዱ ወደ ዎልፍ ክሪክ ማለፊያ ይነሳል፣ 3,309 ሜትር።

ይህ ማለፊያ በምዕራብ በኩል 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሁለት የማምለጫ መስመር አለው፤ መሃል ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ኩርባ አለ። የሚያስፈራው ቁልቁለቱና ኩርባው አንድ ላይ መሆናቸው ነው፦ ቀጥ ባለው ላይ የተሰበሰበው ፍጥነት ኩርባው ላይ ይመነዘራል፣ ከባድ መኪኖች የሚገለበጡትም እዚያ ነው።

ጫፉ ላይ ሰፊ መቆሚያ ስላለ መኪናው ቆሞ ይዘጋጃል። ኤም 35 ትራንስፈር ኬዙን ከሃይ ወደ ሎው የሚለውጠው ቆሞ ነው፤ እየሄዱ መሞከር ጥርስ ያስበላል። ሎው በግምት ሁሉንም ማርሽ በሁለት ያካፍላል። ስሌቱ ይህ ነው፦ የዲፈረንሻሉ ጥርስ 6.72 ለ1፣ የ9.00-20 ጎማ አንድ ዙር 3.1 ሜትር ገደማ፣ የሞተሩ ከፍተኛ ዙር 2,600። በሃይ 4ኛ፣ ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሆነበት፣ 2,600 ሲካፈል ለ6.72 ጎማው በደቂቃ 387 ጊዜ ይዞራል፤ በ3.1 ሲባዛ 1.2 ኪሎ ሜትር በደቂቃ፣ ማለትም 72 በሰዓት። በሎው 4ኛ ያው 36 ይሆናል። የሎው 3ኛ ወደ 20 ነው።

እንግዲህ ለዎልፍ ክሪክ የተጫነ ኤም 35 የቱን ይያዝ? ሃይ 3ኛና ሎው 4ኛ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሎው የሚጠቅመው ከታቹ ያለውን ደረጃ ስለሚከፍት ነው። ሙሉ ጭነት ከያዘ ሎው 3ኛ፣ በ18 አካባቢ። ዘገምተኛ ነው፤ ከኋላ ያለው መኪና ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ግማሽ ጭነት ከሆነ ሎው 4ኛ በ30። በዚያ ላይ ሞተሩ 2,150 አካባቢ ይዞራል፤ ከጣሪያው 450 ዙር ይተርፋል። ይህ ትርፍ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ፍሬን ዘግይቶ ቢነካ ወይም ቁልቁለቱ ለአፍታ ቢጠና ሞተሩ የሚሸሽበት ቦታ እሱ ነው። የመልቲፊውል ሞተር ከ2,600 ብዙ ሲያልፍ ስፕሪንጎቹ ቫልቮቹን በጊዜው መመለስ ያቅታቸዋል፣ ቢየላዎቹም (ፒስተኑን የሚይዙት ዘንጎች) ከአቅም በላይ ይጎተታሉ። ገቨርነሩ ነዳጅ ይዘጋል እንጂ ጎማው ሞተሩን ሲገፋው ሊያቆመው አይችልም። ቢየላ ብሎኩን ሰብሮ የሚወጣው ዳገት ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ነው።

በአንዳንዱ መኪና ሎው ሲገባ የፊት አክስልም አብሮ ይያያዛል። እንደዚያ ከሆነ በደረቅ አስፋልት ጠባብ ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ዘንግ ይጣመማሉ፣ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይጮሃል። ያ መኪና ሃይ 2ኛና 3ኛ ቢይዝ ይሻለዋል።

ቁልቁለት ከተጀመረ በኋላ ማርሽ መቀነስ የተለመደው ስህተት ነው። ሾፌሩ መኪናው እየፈጠነ ሲያይ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሹን ያወጣል፤ በዚያች ቅጽበት 10 ቶኑን የሚይዝ ነገር የለም። ፍጥነቱ በ2 ሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጨምር የታችኛው ማርሽ አልገባም ይላል፣ ወደ ላይኛውም መመለስ ይከብዳል። ውጤቱ ፎሌ ላይ መቅረት ነው። ያኔ ሞተሩን በነዳጅ አጩሆ የነበረበትን ማርሽ መልሶ ማስገባት ይሞከራል፤ እስከዚያው ግን ፍሬኑ ሳይሞቅ ጠንክሮ ተረግጦ ፍጥነቱ መውረድ አለበት። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ማርሽ።

ኤም 923 ላይ ነገሩ ይለያል። ማርሽ መምረጫውን ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ብቻ ማድረግ በቂ ይመስላል፤ አሊሰኑ ግን ራሱን ይጠብቃል። ፍጥነቱ ለታችኛው ማርሽ ከበዛ፣ እስኪወርድ ድረስ አይቀንስም። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ሞተሩ ከጣሪያው ሲያልፍ ወደ ላይኛው ማርሽ ይወጣል፤ ሾፌሩ «2» ላይ አድርጌዋለሁ ብሎ እያመነ መኪናው በ3ኛ ይወርዳል። ምልክቱ የሞተሩ ድምፅ ድንገት መውረዱና ፍጥነቱ ወዲያው መንሸራተቱ ነው። ስለዚህ 2,100 ከመድረሱ በፊት ፍሬን። ሌላው፣ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ካልያዘ ሞተሩ ከጎማው ጋር በዘይት ብቻ ስለሚገናኝ መያዙ ይደክማል፤ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ማቆየት መቆለፊያው እንዳይለቅ ይረዳል።

14 ሊትር ሞተር ቢሆንም ኤም 923 ባዶውን ወደ 10 ቶን ስለሚጠጋ ከክብደቱ አንጻር ከኤም 35 የተሻለ አይይዝም። ለዚህ የከሚንስ ሞተር ቤተሰብ በሲቪል መኪኖች ላይ በሰፊው የተገጠመው የጄኮብስ ሞተር ፍሬን ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቩን ፒስተኑ አየሩን አምቆ ጫፍ ሲደርስ ይከፍተዋል፣ የታመቀው አየር መልሶ ሳይገፋ በማርሚታው ይወጣል፤ ሞተሩ ኮምፕሬሰር ይሆናል። መነሻው ራሱ የከሚንስ ሞተር ፋብሪካ መሥራች ክሌሲ ከሚንስ ነው። በ1931 ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ በናፍጣ መኪና ሲሄድ ካሊፎርኒያ ውስጥ የካሆን ማለፊያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አጥቶ በባቡር መሻገሪያ ለጥቂት ተርፏል። ከዓመታት በኋላ የሠራውን መሣሪያ የጄኮብስ ፋብሪካ በ1961 ለገበያ አወጣው።

መልቲፊውሉ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። የጭስ መዝጊያ ቢላ የሚገጥሙ አሉ፤ ጭሱን በማፈን ሞተሩን ያከብደዋል። የሚሠራ ነው፣ ግን የጭሱ ግፊት የቫልቩን ስፕሪንግ ካሸነፈ ቫልቩ በማይከፈትበት ጊዜ ይከፈትና ከፒስተኑ ጋር ይገናኛል። ግፊት የሚያነብ ጌጅና የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ሳይኖር መግጠም ሞተሩን በቁማር ማስያዝ ነው።

ኮንቮይ ሲወርድ ቅደም ተከተሉ በፍሬን ይወሰን። ፍሬኑ የሚያጠራጥር መኪና ከፊት ይሂድ፤ ቢያመልጥ ከበታቹ የሚመታው ጓደኛ አይኖርም። ከዚያ በኋላ ከ100 ሜትር ያላነሰ ርቀት። በሬዲዮ ከጫፉ በፊት እያንዳንዱ ማርሹን ይናገር፦ «ሎው 4ኛ፣ አየር 110»። ሌላ ወሬ ከታች።

ሐሙስ፦ ፓጎሳ – ዱራንጎ

መንገዱ አጭር ነው፤ ቀኑ የዋለው ከጎማ ስር ነው።

ከዎልፍ ክሪክ በኋላ መጀመሪያ የሚደረገው ሳይነኩ ሙቀት በሚያነብ መሣሪያ ስድስቱንም ታምቡሮ ማየት ነው። የሚፈለገው ትልቅ ወይም ትንሽ ቁጥር ሳይሆን ልዩነት ነው። አምስቱ 150 ሆነው አንዱ 60 ካነበበ፣ ያ ቀዝቃዛው ጎማ እየሠራ አይደለም፤ ሸክሙን አምስቱ ተካፍለውለታል። አንዱ 250 ከሆነ ሸራው አልለቀቀም፣ ወይ የመመለሻ ስፕሪንጉ ላልቷል፣ ወይ የጎማ ሲሊንደሩ ዝጓል። መሣሪያ ከሌለ እጅን ታምቡሮው አጠገብ ማድረስ ይበቃል፣ መንካት አይደለም። የተቃጠለ ሸራ ሽታው ሰልፈር የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነው። ሰማያዊ ጭስ ከታየ ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ውሃ ግን አይደፋበትም፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ታምቡሮ ሲሞቅ ይሰፋል። 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው 300 ዲግሪ ሲጨምር ከ1.3 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። ሸራው ያን ያህል ተጨማሪ መንገድ መጓዝ አለበት፤ ፔዳሉ እየወረደ የሚሄደው ለዚህ ነው። ማስተካከያው ልቅ በሆነ ፍሬን ላይ ይህ ሲጨመር ፔዳሉ ወለል ይነካል። በኤስ ቅርጽ ካም በሚሠራ የአየር ፍሬን ላይ ደግሞ የመግፊያው ዘንግ ጉዞ ያልቃል፤ ለዓይነት 30 ቻምበር (ዘንጉን በአየር የሚገፋው ክፍል) የተፈቀደው ጣሪያ 51 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ አየር ቢሞላም ኃይል የለም።

የኤም 35 ሸራ ማስተካከል፦ በቀዘቀዘ ታምቡሮ፣ በሜዳ ላይ። የማይነሱትን ጎማዎች በታኮ መደገፍ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ (እሱ የሚይዘው ከትራንስፈር ኬዙ የሚወጣውን ዘንግ ስለሆነ የኋላ ጎማ እንዳይዞር ያደርጋል)፣ ጎማውን በክሪክ ማንሳት። ከኋላ ባለው ሳህን ላይ ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ የማስተካከያ ቡሎን አለ። ጎማውን በእጅ እያዞሩ ቡሎኑን ሸራው ጠበቅ አድርጎ እስኪይዝ ማጥበቅ፣ ከዚያ ጎማው ነፃ እስኪዞር ጥቂት መመለስ። ሁለተኛውን ሸራ እንዲሁ። ስድስቱንም ሳይጨርሱ አንዱን ብቻ ማጥበቅ ሰኞ የተባለውን የመጎተት ችግር ያመጣል።

ከማስተካከል በኋላም ፔዳሉ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቷል። የአሜሪካ ጦር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚጠቀመው ሲሊኮን ላይ የተመሠረተውን ዶት 5 የፍሬን ዘይት ነው፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ። ከዶት 3 ጋር አይደባለቅም። ጥቅሙ ውሃ አለመምጠጡ ነው፦ ዶት 3 ውሃ ሲጠጣ የመፍያ ነጥቡ ከ205 ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ ዶት 5 ግን ደረቅ እያለ 260 ይችላል። ጉዳቱ ደቃቅ አረፋ መያዙ ነው። ጠርሙሱን መነቅነቅ፣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታት አረፋውን ያበዛዋል። ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ ቀስ ብሎ መርገጥ። አየሩ መጀመሪያ ከአየር ማገዣው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምሮ ወደ ቅርቡ። የማስተር ሲሊንደሩ ከሾፌሩ እግር ስር ካለው ሳህን በታች ስለሆነ በየመሃሉ እየተከፈተ ካልተሞላ አየር መልሶ ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል።

የአየር ማገዣው ማስተንፈሻ ላይ የፍሬን ዘይት ጠብታ ከታየ ውስጡ ያለው ላስቲክ አልቋል። ዛሬ ጠብታ ነው፣ በቁልቁለት ግፊት ግን የሚፈስ ነው። በዚህ አይወረድም።

ዓርብ፦ ዱራንጎ – ሲልቨርተን – ዩሬይ

550 ቁጥር መንገድ ሦስት ማለፊያ ያሻግራል፦ ኮል ባንክ 3,243፣ ሞላስ 3,325፣ ሬድ ማውንቴን 3,358 ሜትር። ቁልቁለቱ እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና በተራራው በኩል፣ በውስጠኛው መስመር ነው የሚጓዘው፤ ከዩሬይ ወደ ደቡብ የሚመጣው ነው በገደሉ አፍ የሚሄደው። ብዙ ቦታ መከላከያ ብረት የለም። ለከባድ መኪና ይህን አቅጣጫ መምረጥ ምክንያታዊ ነው፤ ፍሬን ቢከዳ እንኳ ከገደል ይልቅ ግድግዳ ይሻላል።

ከሞላስ ወደ ሲልቨርተን የሚወርደው አጭር ነው፤ ወደ 500 ሜትር ይጣላል። ሎው 4ኛ፣ ጥቂት ፍሬን፣ አለቀ። ዋናው ከሬድ ማውንቴን ጫፍ እስከ ዩሬይ ያለው 21 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ 980 ሜትር ይወርዳል። ከጫፉ በታች ጠባብ ኩርባዎች፣ ከዚያ አይረንተን የሚባል ለጥ ያለ ሜዳ፣ ከዚያ እንደገና የአንኮምፓግሬ ወንዝ ገደል።

ያ ሜዳ ነው የሚያታልለው። ሾፌሩ «ጨረስኩት» ብሎ ወደ ሃይ ይመልሳል፣ 4ኛ ያስገባል፤ ሜዳው ሲያልቅ መኪናው በ60 ወደ ገደሉ መንገድ ይገባል። ከዴንቨር በስተምዕራብ አይ-70 ላይ ወደ ከተማው የሚወርዱ ሾፌሮችን «ገና አልወረዳችሁም» እያሉ የሚያስጠነቅቁ ትልልቅ ሰሌዳዎች የተተከሉት ለዚሁ ዓይነት ስህተት ነው። አይረንተን ላይ ማርሹን ሳይነኩ፣ ቀስ ብሎ በዚያው መሻገር፤ ሜዳው ለታምቡሮዎቹ ማቀዝቀዣ ነው። ማቆም ካስፈለገ ግን ጥሩ ቦታ ነው፦ ሙቀት ይነበባል፣ ከ200 በላይ ያለ ጎማ ካለ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ኩርባዎቹ ላይ ሰሌዳው 15 ማይልና ከዚያ በታች ይላል፤ 24 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ፍሬኑ የሚያዘው ከኩርባው በፊት ቀጥ ባለው ላይ ነው፣ ኩርባው ውስጥ ሞተሩ ብቻ ይያዝ። በተለይ ኤም 923 ላይ። ይህ የመኪና ቤተሰብ የኋላ ጎማው በድንገተኛ ፍሬን እየተቆለፈ በመንሸራተትና በመገልበጥ ስለታወቀ የአሜሪካ ጦር ፍጥነቱን በሰዓት 40 ማይል ገድቦት ነበር፤ በኋላ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ) ተገጠመለት። ያልተገጠመለት ባዶ ኤም 923 እርጥብ ኩርባ ላይ ፍሬን ከተረገጠ ጅራቱ ከፊቱ ይቀድማል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ በዚህ ተራራ የተለመደ ስለሆነ ከሲልቨርተን በጠዋት መነሳቱ ይመረጣል።

የኤም 35 የእጅ ፍሬን በእንዲህ ያለ ቦታ እንደ መጠባበቂያ መታሰብ የለበትም። ከጎማ ሳይሆን ከዘንግ ጋር የተያያዘ አንድ ትንሽ ታምቡሮ ነው፤ የቆመ መኪና ይይዛል። በሚሄድ መኪና ላይ ከተሳበ ሸራው በደቂቃ ውስጥ ይጋያል፣ ያኔ የቆመውንም መያዝ ያቅተዋል።

ዩሬይ 2,375 ሜትር ላይ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። ኤም 35 በእጅ ፍሬኑ ሊቆም ይችላል፤ የጎማዎቹን ታምቡሮ አይነካም። ስፕሪንግ ፍሬን ያለው መኪና ግን ታምቡሮው ሳይበርድ ፍሬኑ ተይዞ ባይቀመጥ ይሻላል። የሰፋው ታምቡሮ ሲቀዘቅዝ በሸራው ላይ ይጠብና ጠዋት አልላቀቅም ሊል ይችላል። ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ከፊትም ከኋላም ታኮ አስገብቶ፣ ታምቡሮው እጅ እስኪያስጠጋ ድረስ ሾፌሩ ከመኪናው ሳይርቅ ይጠብቅ፤ ስፕሪንጉ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው።